እንጦጦ በልጅነት ዓይን፤ የምናስታውሰው ደን የትኛው ነው?

በልጅነቱ የዋለበት ሜዳ፣ የወጣበት ዛፍ ወይም የተንሸራተተበት ዳገት የሌለው ሰው አይገኝም። ካደገ በኋላ ወደዚያው ቦታ የተመለሰ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፤ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላል። ይህ በየቤቱና በየመንገዱ የሚሰማ ተራ ንግግር ቢመስልም በውስጡ ሁለት ሳይንሳዊ ጥያቄዎችን ያዘለ ነው። የመጀመሪያው «ቦታው በእርግጥ ተለውጧልን? ከተለወጠስ በምን ያህል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የተናጋሪው ትውስታ መለኪያ ለመሆን ይበቃልን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ሁላችንም በምናውቀው አንድ ቦታ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ እንመረምራለን።

የባህር ዛፍ ልጆች

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ሰፈሮች፣ በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በጉለሌ ላደግን ልጆች መናፈሻ ማለት አጥር የታጠረለትና ወንበር የተደረደረለት ቦታ አልነበረም። መናፈሻችን ከከተማዋ ራስጌ የቆመው፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንወጣለን፤ በመስከረም አደይ አበባ ለመልቀም እንወጣለን፤ ለእንጦጦ ማርያም ንግሥ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ነጭ ለብሰን እንወጣለን። በመንገዳችን ቀጋና እንጆሪ እየለቀምን እንበላለን፤ ልምምድ የሚያደርጉ ሯጮች ሲያልፉን ጥቂት እርምጃ ተከትለን ትንፋሽ አጥሮን እንቆማለን።

ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለን ሽታው ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ወይም ቅጠሉ በእግር ሲረገጥ፣ አፍንጫን ከፈት የሚያደርግ ጠንካራ ሽታ ተራራውን ይሞላዋል። የዚህ ሽታ ዋነኛ ምንጭ በባህር ዛፍ ቅጠል ውስጥ የሚገኝ ሲኒዮል የተባለ በቀላሉ የሚተን ውህድ ነው። ዛፉ ይህንንና መሰል ዘይቶችን የሚሠራው ቅጠሉን ከበላተኛ ለመከላከል ሲሆን ከብትና ፍየልም በዚሁ ምክንያት ብዙም አይደፍሩትም። እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለው ያጥኑን የነበረውም ይኸው ሽታ የታፈነ አፍንጫን ስለሚከፍት ነው።

ቅጠሉ ራሱ የእጽዋት ትምህርት ነበር። የነጭ ባህር ዛፍ ችግኝ ወይም ከጉቶ ያቆጠቆጠ ለጋ ቀንበጥ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጫፉ የማይረዝም፣ መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ፣ ሲነኩትም ሰም የተቀባ የሚመስል ነው፤ ያለ አገዳ ከግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል። ልጆች ለዘውድና ለአክሊል የሚመርጡት ይህንን ነበር። ዛፉ ሲያድግ ግን ቅጠሉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ረጅምና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። አንድ ዛፍ በሁለት ዕድሜው ሁለት ዓይነት ቅጠል የሚያወጣበት ይህ ጠባይ በእጽዋት ሳይንስ በሚገባ የታወቀ ነው። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ነው፤ «ዩካሊፕተስ» የሚለው ስሙም በግሪክኛ «በደንብ የተከደነ» ማለት ነው። ክዳኑ ወድቆ አበባው ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ጠንካራ ፍሬ በጣታችን አሹረን መሬት ላይ እንለቀዋለን፤ እንደ እንዝርት እየዞረ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ተራራው ለሁሉም መናፈሻ አልነበረም። እኛ ለጨዋታ ስንወጣ ከላይ በወገባቸው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙን ነበር። የተሸከሙት የማገዶ እስር ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ክብደት የሚስተካከል ነበር። ሌሎች ደግሞ በቅርንጫፍ መጥረጊያ የወደቀውን ቅጠል እየጠረጉ በጆንያ ይሞላሉ፤ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ የሚፈለግ ማገዶ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ቦታ ያለንን ትውስታ ስንመረምር መጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን ነገር ትውስታው የማን እንደሆነ ነው። አንዱ ጥላውን፣ ሌላው ዳገቱን ያስታውሳል።

ከባህር ዛፍ በፊት

ለእነዚህ ሰፈሮች ልጅ «ደን» ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ልጡ የሚላጥ፣ ነፋስ ሲነካው የሚጮኽ የባህር ዛፍ ደን ነው። የዚህ ደን ዕድሜ ግን ሲመረመር አጭር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ለመከላከያ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የጠና ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ የሰፈረው ሠራዊትና ሕዝብም ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ብዙ እንጨት ይፈልግ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ሥር፣ ከፍል ውሃው አጠገብ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላም የእንጨት ፍላጎቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እንጨት እየራቀ በመሄዱ በ1890ዎቹ መናገሻውን ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል።

አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት ምክንያቶች አንዱ ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና የታዝማኒያ ደሴት የሆነው ነጭ ባህር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ዛፉ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እንስሳት አይበሉትም። እነዚህ ሦስት ጠባዮች እንጨት ለራባት ከተማ የተመቹ ነበሩ። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከተማዋም ተራራውም በባህር ዛፍ ተሸፈኑ።

ከዚያ በፊት የነበረውስ? ለዚህ የሚመሰክሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቀሩት አሮጌ ዛፎች ናቸው። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከፍ ባለው ቦታም አስታ የዚህ ከፍታ ተወላጆች ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውና በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተከለለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደንም በዚህ ከፍታ ጥድ ሲጠበቅ ምን ያህል ሊገዝፍ እንደሚችል ያሳያል። የእንጦጦ ግርጌና ገመገም በ1870ዎቹ ምን ያህሉ ደን፣ ምን ያህሉ ሣር እንደነበር ግን በጊዜው ሜትር ይዞ የለካ ሰው አልነበረም። ያንን ደን ያየ ሰውም ዛሬ በሕይወት የለም። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ተንሸራታቹ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1995 ዳንኤል ፖሊ የተባሉ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ ሐሳብ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የተመራማሪዎች ትውልድ ሥራውን ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ብዛት እንደ ተፈጥሯዊ መነሻ ይቆጥራል፤ በሥራ ዘመኑ የታየውን መቀነስም ከዚያ መነሻ አንጻር ይለካል። ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ ግን የተቀነሰውን ብዛት እንደ አዲስ መነሻ ይወስዳል። በዚህ ዓይነት መነሻው ሳይታወቅ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የጠፋውም ነገር መጥፋቱ አይመዘገብም። ይህ ክስተት «ተንሸራታች መነሻ» ሊባል ይችላል።

ይህ ሐሳብ በኋላ በመረጃ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በሜክሲኮ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሚሠሩ የሦስት ትውልድ ዓሣ አጥማጆችን ጠየቁ። አዛውንቶቹ ተመናምነዋል ብለው የጠቀሷቸው የዓሣ ዝርያዎች ቁጥር ወጣቶቹ ከጠቀሱት አምስት እጥፍ ነበር። ባሕሩ አንድ ነው፤ ለወጣቶቹ ግን የጎደለ ነገር ብዙም አይታያቸውም።

ከዚህም የሚደንቀው በአሜሪካ በኪ ዌስት ደሴት የተደረገው ጥናት ነው። በዚያ በጀልባ ወጥተው ዓሣ የሚያጠምዱ ጎብኚዎች የያዟቸውን ትልልቅ ዓሦች ሰቅለው ከጎናቸው ፎቶግራፍ መነሣት ልማዳቸው ነው። ሎረን ማክለናቻን የተባሉ ተመራማሪ የበርካታ ዐሥርት ዓመታት ፎቶግራፎችን ሰብስበው በሥዕሉ ላይ የሚታዩትን ዓሦች ለኩ። እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1960 የነበረው አማካይ ክብደት 19.9 ኪሎ ግራም ሲሆን በ2007 ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ወርዷል። በፎቶግራፎቹ ላይ ግን የሰዎቹ ፈገግታ አልቀነሰም። ትንሹን ዓሣ የያዘው ሰው ትልቁን ስላላየው የጎደለበት ነገር የለም።

በሕፃናት ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ፒተር ካን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ሕፃናትን ሲያነጋግሩ የአየር ብክለት ምን እንደሆነ በሚገባ የሚያስረዱ ብዙዎች የራሳቸው ከተማ የተበከለ መሆኑን አይገነዘቡም ነበር። ተወልደው ያደጉበት አየር ለእነርሱ «አየር» ነው።

እንጦጦም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። በ1870ዎቹ የተወለደ ሰው ተራራው በልጅነቱ ዘመን ሲራቆት አይቷል፤ በ1910ዎቹ የተወለደው የባህር ዛፍ ደን እየገዘፈ ሲሄድ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ የተወለድነው ደግሞ የባህር ዛፉን ደን እንደ ተራራው የጥንት ልብስ ተቀብለነዋል። ሦስቱም ስለ አንድ ተራራ ሲናገሩ «ድሮ» የሚሉት ነገር የተለያየ ነው።

ትውስታስ ምን ያህል ይታመናል?

እስካሁን ትውስታ ትክክል እንደሆነ፣ ጉድለቱም ዘመኑ አጭር መሆኑ ብቻ እንደሆነ አድርገን ተናገርን። ነገር ግን ትውስታ እንደ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች አንድን የባዕድ አገር ተረት አንብበው በየጊዜው ደጋግመው እንዲተርኩ ያደረጉባቸውን ሙከራዎች ዘግበዋል። ተራኪዎቹ ያልለመዱትን ነገር እየጣሉ ወይም ወደሚያውቁት ነገር እየለወጡ ይተርኩ ነበር። ባርትሌት ከዚህ በመነሣት ማስታወስ ማለት ባለፈው ቅሪት ላይ የዛሬውን ዕውቀት ጨምሮ እንደገና መገንባት ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ይህንን አጠናክረውታል።

የሽታ ትውስታ ለምን ጎልቶ እንደሚሰማን የሚያስረዳ አካላዊ ምክንያትም አለ። የእይታና የመስማት መልእክቶች ወደ አንጎል ውጫዊ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት ታላመስ በተባለ ማዕከል ያልፋሉ። የሽታ መልእክት ግን ይህንን ማዕከል ሳያቋርጥ ስሜትንና ትውስታን ከሚመለከቱ የአንጎል ክፍሎች፣ ከአሚግዳላና ከሂፖካምፐስ አካባቢ ጋር በቅርበት ይገናኛል። ስለዚህ አንድ ቅጠል አሽቶ ማሽተት ሙሉ ቀንን መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ግን የስሜቱን ጥንካሬ እንጂ የዝርዝሩን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።

መጠንም ያሳስታል። ቁመቱ 1.1 ሜትር ለሆነ ሕፃን 30 ሜትር ከፍታ ያለው ዛፍ ቁመቱን 27 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ያ ሕፃን አድጎ 1.7 ሜትር ሲደርስ ይኸው ዛፍ 18 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ዛፉ አንዲት ሴንቲ ሜትር ሳያጥር በተመልካቹ መለኪያ አንድ ሦስተኛ ያህል አጠረ ማለት ነው። በሌላ በኩል ባህር ዛፍ በየጊዜው ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ዛሬ በዚያው ቦታ የምናየው ግንድ በእርግጥም ያኔ ካየነው ያነሰ ሊሆን ይችላል። «ዛፎቹ ትልልቅ ነበሩ» የሚለው ትውስታ እውነትም ማሳሳቻም ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

ሁልጊዜ ወደ ታች አይደለም

ተንሸራታች መነሻ የሚያስጠነቅቀን ካለፈው ዘመን ብዙ ነገር እንደምንረሳ ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ያልነበረ ልምላሜን ላለፈው ዘመን መስጠት።

በአገራችን «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን አኃዝ ያልሰማ ተማሪ የለም። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህ አኃዝ በቂ ማስረጃ እንደሌለውና ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ እንደኖረ ተከራክረዋል። ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ መነሻው በግምት የተያዘ ቁጥር ከሆነ የጠፋውን መጠን ማስላት አይቻልም ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ምሳሌ እንጥቀስ። በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከ140 ዓመት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ ፎቶግራፎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው በዚያው አቅጣጫ እንደገና አነሡ። ብዙ ሰው ይጠብቅ የነበረው የጥንቱ ሥዕል በደን የተሞላ፣ የአሁኑ የተራቆተ ሆኖ እንዲገኝ ነው። የተገኘው ግን ሌላ ነበር። ያኔም መሬቱ በብዙ ቦታ የተራቆተ ሲሆን የሕዝቡ ቁጥር በብዙ እጥፍ ቢጨምርም የአሁኑ ሥዕል የተሻለ የዛፍ ሽፋንና የአፈር ጥበቃ ሥራ አሳይቷል። በእርከንና በከለላ የደከመው የገበሬው ጉልበት በፎቶግራፍ ታየ። «ድሮ ሁሉ ነገር መልካም ነበር» በሚለው ትውስታ ብቻ ብንመራ ይህ ድካም ከንቱ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ተራራውን ወደ የትኛው ዘመን እንመልሰው?

ይህ ሁሉ ለክርክር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እንጦጦ በመለወጥ ላይ ያለ ተራራ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ የአገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእግር መንገዶች፣ የመጫወቻና የመዝናኛ ስፍራዎች ያሉት የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ተከፈተ። ያኔ በማገዶ እስር ሥር ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ይመላለሱበት በነበረው ተራራ ላይ ብዙ ሰው ለሽርሽር መውጣት ጀመረ። ለብዙ የከተማዋ ሕፃናት «እንጦጦ» ማለት ይህ ነው፤ መነሻቸውም ከዚህ ይጀምራል።

ተራራው ምን ይልበስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። የእንጦጦ ገመገም የውሃ መለያ ነው፤ በሰሜኑ ተዳፋት የወረደ ዝናብ ወደ አባይ፣ በደቡቡ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ቁርጡሜ የተባሉት የአዲስ አበባ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ደቡባዊ ተዳፋት ነው። በተራራው ላይ ያለው ሽፋን ሲለወጥ ክረምት ሲገባ ወደ ከተማዋ የሚወርደው የጎርፍ ፍጥነት፣ በበጋም ከምንጮቹ የሚገኘው የውሃ መጠን ይለወጣል። ባህር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ በመሆኑ ብዙ ውሃ ይጠቀማል፤ በምንጭ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን እንደ ዝናቡ መጠን፣ እንደ አፈሩና እንደ ዛፎቹ ጥግግት ይለያያል። ከሥሩ ያለው ቅጠል በየጊዜው ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ያርፋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የዛፉ ብቻ ሳይሆን የአያያዙም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሁለት የተንሸራተቱ መነሻዎች ሁለት የተለያዩ ስሕተቶችን ያስከትላሉ። የባህር ዛፉን ደን የጥንት አድርጎ የሚያይ ሰው በጥድና በወይራ ሲተካ እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። ከ1870ዎቹ በፊት የነበረውን ብቻ እንደ እውነተኛው እንጦጦ የሚያይ ሰው ደግሞ ባህር ዛፍን በአንድ ጊዜ ለማጥፋት ይነሣል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የከተማዋን ምጣድ ያነደደውና የብዙ ድሃ ቤተሰብ መተዳደሪያ የነበረው ይኸው ዛፍ መሆኑን ይዘነጋል። በአንድ ጊዜ የተመነጠረ ተዳፋትም ለክረምት ጎርፍ የተጋለጠ ነው።

መካከለኛ መንገድ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት አለ። ፈየራ ሰንበታና ደምል ተከታይ በመናገሻ በተከሉ የተተከሉ ደኖች ሥር ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት በባዕድ ዛፎች ጥላ ሥር ብዙ የአገር በቀል ዛፎች ችግኞች በራሳቸው እንደሚበቅሉ አሳይቷል። በአቅራቢያው ዘር የሚሰጥ የተፈጥሮ ደን ካለ ወፎች የወይራንና የጥድን ፍሬ በልተው ዘሩን ያመጣሉ፤ ጥላው ደግሞ ችግኙን ከፀሐይና ከውርጭ ይከላከላል። ባህር ዛፉ እየተሳሳ፣ አገር በቀሉ በሥሩ እያደገ የሚተካበት ዘዴ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ዛሬ ችግኙን የሚተክል ተማሪ ግዙፉን ዛፍ የሚያየው በሽምግልናው ነው፤ የዘመኑን ሽፋን ከወዲሁ የመዘገበ ሰው ከሌለ ግን ያን ጊዜም ምን ያህል እንደተገኘ የሚናገር አይኖርም።

ምን እንመዝግብ?

ውድ አንባቢ፣ የሚከተሉት ሥራዎች በማንኛውም ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው፤ ቦታውም እንጦጦ መሆን የለበትም። በየከተማው ያለ መናፈሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር፣ ወይም የወንዝ ዳር ይበቃል።

አንደኛ፣ የዛፎችን ውፍረት መለካት። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን በመስፈሪያ ሜትር ዙሪያውን ለክተን ለ3.14 ስናካፍል ዲያሜትሩን እናገኛለን። ለምሳሌ ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ዲያሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። የዛፉን ዓይነት፣ ልኩን፣ ቦታውንና ቀኑን እንጽፋለን። ያንኑ ዛፍ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚለካ ተማሪ ዕድገቱን ያውቃል። ዛፉ ከሌለም መጥፋቱ ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየዓመቱ ፎቶግራፍ ማንሣት። የማይነቃነቅ ድንጋይ፣ የድልድይ ጫፍ ወይም የሐውልት መሠረት እንምረጥ፤ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ እናንሣ። የቆዩ ፎቶግራፎችም በየቤታችን አሉ። በሠርግ፣ በምረቃና በበዓል ቀን በመናፈሻ የተነሡ የቤተሰብ ሥዕሎች ከሰዎቹ ጀርባ የዛፎች ማስረጃ ናቸው። እንደ ኪ ዌስት ዓሦች ሁሉ ማንም ለመረጃ ብሎ ባያነሣቸውም መለኪያ ይሆናሉ።

ሦስተኛ፣ ሦስት ትውልድ መጠየቅ። አያትን፣ ወላጅንና ታናሽ እህት ወይም ወንድምን ለየብቻ «በልጅነትህ፣ በልጅነትሽ በዚህ ቦታ ምን ዓይነት ዛፍ፣ ወፍና እንስሳ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። አንዱ የሌላውን መልስ እንዳይሰማ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ባርትሌት እንዳሳዩት ትውስታ በቀላሉ የሌላውን ቀለም ይይዛልና። በሦስቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የመነሻውን መንሸራተት ያሳየናል።

አራተኛ፣ የተገኘውን ከሌላ ማስረጃ ጋር ማመሳከር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሧቸው ፎቶግራፎች አሉ። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በአብዛኛዎቹ ሥዕሎች እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬትን ስለሚወክል የሽፋኑን ስፋት ያሳያሉ እንጂ አንዲት ወይራ ቆማ እንደሆነ አይናገሩም። ያንን የሚናገረው በእግሩ ወጥቶ የለካ ሰው ነው።

የልጅነት ትውስታችንን በዚህ መንገድ ስንመረምር ዋጋው አይቀንስም። ሽታው፣ ጥላውና የጓደኞቻችን ድምፅ የራሳችን ናቸው፤ ሜትር አይነካቸውም። ትውስታ ቦታውን እንድንወድደውና ለውጡን እንድንጠይቅ ያነሣሣናል፤ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚነግረን ግን መዝገብ ነው። በእንጦጦ የሚሯሯጠው የዐሥር ዓመት ልጅ ሲሸመግል «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እርሱ የሚያመሳክርበት መዝገብ እንዲኖረው መስፈሪያ ሜትር፣ ካሜራና ደብተር ይዘን መውጣት የእኛ ፋንታ ነው። በደብተሩ ራስጌ ቀኑን መጻፍ አይዘንጋ።